ጉድጓዱ ሳይተነፍስ

ራቢዓ ለልጇ መፍራት የጀመረችው ገና በእቅፏ ሳለ ነው። ሕፃን ሆኖ ሮቢ ወንዝ እንዳይወስደው ፈራች፤ ከፍ ሲል ወባ እንዳይጥለው ፈራች፤ ነጋዴው አጎቱ አዲስ አበባ ወስዶ ትምህርት ቤት ሲያስገባው ደግሞ ከተማው እንዳያስቀርባት ፈራች። አሊዪ ግን ከሁሉም ተርፎ አደገ። አንድ የውጭ አገር መምህር ዘንድም ንድፍ ተማረ። ንድፍ ማለት ቤቱም ድልድዩም መንገዱም ከመሠራቱ በፊት ወረቀት ላይ በልኩ የሚሰፍርበት ሙያ ነው ብሎ አጎቱ አስረዳት። ይህን የጨረሰ ሰው ሥራ አይለምንም፣ መንግሥት ራሱ ፈልጎ ይቀጥረዋል፣ በየወሩ ደሞዝ ይቆርጥለታል ሲል መምህሩ ለተማሪዎቹ መናገሩንም ነገራት።

«መንግሥት ከኖረ» አለች ራቢዓ።

አጎትየው ክፉ ቃል አወጣሽ ብሎ ተቆጣት። አሊዪ ትምህርቱን በጨረሰ በወሩ ግን ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ።

በሚቀጥለው ዓመት የካቲት ላይ ከተማው ውስጥ የተማረ የተባለ ወጣት ሁሉ ሲታደን፣ አሊዪ ወደ ቆላ ከሚመለሱ የጨው ነጋዴዎች ጋር ተደባልቆ በእግሩ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ከንድፍ ዕቃው የተረፈው አንድ ኮምፓስ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ማስመሪያና የቀለም ብዕሮቹ ብቻ ነበሩ። ራቢዓ በጨርቅ ጠቅልላ ከጣሪያው ሣር ውስጥ ሸጎጠቻቸው። ለጠየቃት ሰው ሁሉ ልጄ አዲስ አበባ የአጎቱን ሱቅ ይጠብቅ ነበር እያለች ትመልሳለች። አሊዪም ማሽላ ሲያሽት ወፍ እየጠበቀ፣ ሲደርስ እያጨደ፣ ዝም ብሎ ከረመ። ዝም ማለቱ ደስ አላት። ዝም ያለ ሰው አይታወቅም።

ከዚያ መንገዱ መጣ። በላይ፣ ጣርማ በር ላይ፣ ተራራውን እየበሱት ነው ተባለ። ከደብረ ሲና ቁልቁል ደግሞ ድንጋይ የሚፈልጠውና አፈር የሚዝቀው ሠራተኛ እየወረደ ከሸዋ ሮቢት አፋፍ ላይ ድንኳን ተከለ። ከጣሊያኑ መሐንዲስ ነዳፊዎች አንዱ ወባ ይዞት ወደ መጣበት በተመለሰ ሰሞን፣ አሊዪ አንድ ጧት ጣሪያው ውስጥ እጁን ሰዶ ጥቅሉን አወጣና ለእናቱ ሳይነግራት ሄደ። ወደ ማታ ሲመለስ ተቀጥሬያለሁ አላት።

ራቢዓ ተቀመጠች። ከዚያ በረጅሙ ተናገረች። አርበኞቹ ከተራራው ወርደው ባንዳ ብለው እንደሚገድሉት፣ ጣሊያኖቹም የተማረ መሆኑን አሁን ስላወቁ አንድ ነገር ሲጎድልባቸው መጀመሪያ እሱን እንደሚይዙት፣ ከሁለት ወገን ሞት ገዝቶ እንደመጣ ነገረችው።

«እኔ መስመር ነው የማሰምረው፣ እማ። ጠመንጃ አልያዝኩም።»

«መስመሩ ላይ ጠመንጃ አይሄድበትም?»

ቆይታ ስለ ደሞዙ ጠየቀችው። ከቀን ሠራተኛው እጥፍ ነው አላት። አጠገቡ ያለው ፈረንጅ ነዳፊስ? ብላ ስታጠብቅበት፣ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ፣ የዚያ የሱን ስድስት እጅ እንደሚሆን፣ ቀለቡና መጠጡም ለብቻው እንደሆነ ነገራት። ሥራቸው አንድ ነው። እንዲያውም አሊዪ የሚጨርሰው ወረቀት ግርጌ ላይ ስሙን የሚጽፈው ያ ፈረንጅ ነው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ አልነበረም» አላት። «ያለው ግን ይኼ ነው።»

«ጣሊያን ሲሄድስ?»

«ማንም ቢገዛ መንገድ ያስፈልገዋል።»

«መንገድ የሚያስፈልገው ሁሉ አንተን ያስፈልገዋል ማለት አይደለም» አለች።

የመጀመሪያውን ወር ደሞዝ የወረቀት ሊሬ ይዞላት ሲመጣ ተቀብላ ከምሰሶው ላይ ከተንጠለጠለው አሮጌ ቅል ውስጥ ከተተችው። የገበያው ነጋዴ ከጠገራ ብር በስተቀር በሙሉ ልቡ የሚቀበለው አልነበረም፤ እሷም ብትሆን አልነካውም ብላለች። እህላችን ጉድጓድ ውስጥ አለ፣ በነሱ ወረቀት የተገዛ እህል በወፍጮዬ አይፈጭም ብላ ቆረጠች። በየማለዳው አሊዪ ሊወጣ ሲል በር ላይ ትቆምና፣ «ዛሬ እንኳ ቅር» ትለዋለች። እሱም ግንባሯን ስሞ ይሄዳል።

እህላችን ጉድጓድ ውስጥ አለ ማለቷ እውነት ነበር። የሰፈሩ ሰው ማሽላውን የሚያኖረው ከመንደሩ በታች በተንጣለለው ሜዳ ውስጥ ነው። አፋቸው አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ፣ ሆዳቸው ግን ጎጆ የሚያህል ጉድጓዶች ናቸው። ውስጣቸው በእሳት ይታጠንና በእበት ይለቀለቃል፤ እህሉ ከገባ በኋላ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖ፣ ጭድ ተነጥፎበት፣ አፈር ይለብሳል። ላዩ ላይ ፍየል ይግጣል፤ መንገደኛ ያልፍበታል፤ ከባለቤቱ በስተቀር የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሲከፈት ደግሞ ወዲያው አይገባበትም። ታምቆ የከረመ ጉድጓድ ውስጡ የሚገድል አየር ይይዛል። ክዳኑ ተነሥቶ ግማሽ ቀን ያህል ይተነፍሳል፤ ከዚያም የተለኮሰ ጭድ ይወረወርበታል። ጭዱ ከጠፋ ገና ነው። ይህን በይፋት ቆላ የሚያድግ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

በራቢዓ ባል ቤት አንድ ተጨማሪ ደንብ ነበር። የጉድጓዱ ቦታ ለወንድ ልጅ የሚነገረው ሲያገባ፣ በሠርጉ ዋዜማ ነው። ላጤ ወሬ አይቋጥርም ይሉ ነበር አማቷ። ባሏ ሳልህ የሞተ ጊዜ ግን ራቢዓን አዲስ ፍርሃት ያዛት፤ እኔም ድንገት ብሞት ልጄ በእህሉ ላይ ቆሞ በረሃብ ሊያልቅ ነው አለች። አሊዪ ከአዲስ አበባ ለአባቱ ለቅሶ በመጣበት ሰሞን፣ ፍየል የምትፈልግ መስላ ሜዳው ላይ አዞረችውና ከተቃጠለው የግራር ጉቶ አጠገብ ቆማ በእግሯ መሬቱን መታ አደረገችለት። የጎረቤቶቿ ጉድጓዶችም በየት በየት በኩል እንዳሉ፣ የምትገምተውን ያህል ነገረችው። ደንቡን በማፍረሷ ለብዙ ጊዜ ከፍቷት ነበር።

ያ ሜዳ ነው እንግዲህ አሊዪ ፊት ወረቀት ላይ ተዘርግቶ የመጣው። ለኪዎቹ ልኩን አመጡ፤ እሱ ነደፈው። መሐንዲሱ፣ አንተ የአገሩ ልጅ ነህና ይህ መሬት መቃብር ወይም የውሃ ጉድጓድ አለው ወይ ብሎ ጠየቀው። ያኔ ደግሞ የተደበቀ እህል ሁሉ የሽፍታ ስንቅ ነው የሚል አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ በማጀቴ በኩል በዚህ ምክንያት ቤታቸው የተቃጠለባቸው አሉ። አሊዪ የለም አለ። ድንኳኑ ውስጥ በለመዳት ጣሊያንኛ «ባዶ መሬት» ብሎ ጻፈበት። መሐንዲሱም ማስመሪያውን ወረቀቱ ላይ አጋድሞ መንገዱን በሜዳው መሐል በቀጥታ አሳለፈው።

ያን ዕለት ማታ አሊዪ እራቱን አልበላም። መስመሩን ወደ ኮረብታው ሥር ለማዞር እንደሞከረ፣ ክረምት ሜዳው ይረጥባል ብሎ እንዳመካኘ፣ መሐንዲሱ ግን ኮረብታው ድንጋይ ስለሆነ ወጪው ይበዛል ብሎ እንደመለሰው ለእናቱ ነገራት። ጉድጓዶቹን ንድፉ ላይ ባሳይ እህሉን ሰጠኋቸው፤ ባላሳይ መንገዱ ሆዳቸው ላይ ሊያልፍ ነው አላት። የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ሐሚድም ወሬው ደርሷቸው መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገብተው፣ ብዙ ካወሩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ያቺን መስመር ትንሽ ጠምዘዝ ብታደርጋት ምን ይልሃል?» አሉት።

«መስመሯ የኔ አይደለችም፣ አባ ሐሚድ። እኔ ቀለሙ ብቻ ነኝ።»

እህሉን ማውጣቱም ቀላል አልነበረም። በሜዳው ዳር ለጣሊያን የተቀጠሩ አስካሪ ወታደሮች ስለሚጠብቁ፣ ሴቶቹ እንጨት ለቃሚ እየመሰሉ በቅርጫት ሥር ደብቀው ሲያመላልሱ ከርመው ሁለት ጉድጓድ ብቻ ባዶ አደረጉ። የራቢዓ ከግራሩ ጉቶ ሥር እንደ ተከደነ ነበር።

ራቢዓ በቀን ሠራተኞቹ ዳር ተቀምጣ የማሽላ ንፍሮ ትሸጣለች። የተቀመጠችው ለንፍሮው ብላ ብቻ አልነበረም፤ የአሊዪን ድንኳን ከዚያ ታያለች። ደምበኞቿ ብዙዎቹ የደጋ ሰዎች ናቸው። ከነሱ መሐል ሞገስ የሚባል፣ ከመንዝ የመጣ ቀጭን ጎልማሳ፣ ሳያስቃት አያልፍም ነበር።

«እትዬ ራቢዓ፣ ልጅዎ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ አንድ መስመር ያሰምራል፤ እኛ መስመሩን ስንቆፍር ወገባችን ይቆረጣል። የሚቀጥለውን አጠር አድርጎ እንዲያሰምር ይምከሩልን።»

«አንተ በዶማህ የምታገኘውን እሱ በብዕሩ እጥፍ ያገኘዋል፤ ትምህርት ቤት ብትገባ ምን ነበር?» ትለዋለች።

«የኛ አባት የላኩን በግ እንድንጠብቅ ነው። በጉም አልቀረልን።»

ቁፋሮው ወደ ግራሩ ጉቶ በደረሰበት ቀን ራቢዓ ንፍሮዋን ይዛ እንደ ልማዷ ተቀመጠች። ሌሊቱን ስትሰግድና ስትለምን ነው ያደረችው። ሲተኮስ፣ ቤቷ ሲነድ፣ አሊዪ እጁን የኋሊት ታስሮ ሲሄድ፣ ሁሉንም አስቀድማ አይታው ነበር። ረፋድ ላይ የሞገስ ዶማ ድንጋይ ነካ። ድንጋዩን ፈንቅሎ ሲያነሣው ከሥሩ ጨለማ ሆነ። ሠራተኛው ተሰበሰበ። አስካሪው አለቃ መሣሪያ ተቀብሯል ብሎ ጮኸና ሰው ላከ።

መሐንዲሱ መጣ። ንድፉን በክንዱ ሥር የያዘው አሊዪ ከኋላው ነበር፤ አስተርጓሚው ወልደማርያምም አብሮ ነበር። መሐንዲሱ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሶ አየና አንድ ነገር ተናገረ። ወልደማርያምም አንድ ቀጭን ሰው ይግባና ያለውን ይንገረን ብሎ አስተላለፈ። ሞገስ ኩታውን አውልቆ ጣለ። እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ አፍ ሰደደና በክርኖቹ ተደግፎ ተንጠለጠለ፤ ታቹን ለማየትም ፊቱን ወደ ውስጥ ደፋ።

ራቢዓ የአሊዪን ፊት አየች። ወደ ጉድጓዱ አንድ እርምጃ ተራምዷል። ምን ሊል እንደሆነ አወቀች። አትግባ ሊል ነው። አትግባ ካለ ደግሞ ጉድጓዱን ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ባዶ መሬት ብሎ የጻፈው እያወቀ ነው ማለት ነው፤ የሽፍታ ስንቅ የደበቀው በመሐንዲሱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ደሞዝ የሚበላው ነዳፊ ነው ማለት ነው። ዝም ካለ ደግሞ ሞገስ ይሞታል፤ ልጇም ዕድሜ ልኩን ሰው ሲሞት ቆሞ ያየ ሰው ይሆናል። ይህን ሁሉ ዓመት ክፉውን ሁሉ አንድ በአንድ ስታስብ ኖራ፣ ይህኛው አልመጣላትም ነበር።

ብድግ ስትል የንፍሮው ቅርጫት ተገለበጠ።

«ውጣ! ይገድልሃል፣ ገና አልተነፈሰም! የኔ ጉድጓድ ነው!»

ሞገስ ቀና ብሎ አያት። ሊስቅ የፈለገ መሰለ። ከዚያ ዓይኖቹ ፈዘዙና ክርኖቹ ከአፈሩ ላይ ተንሸራተቱ። ሁለት ሰዎች ተወርውረው አንዱ እጁን፣ አንዱ ፀጉሩን ይዘው ጎትተው አወጡት። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ውሃ ደፉበት፤ ቆይቶ አሳለው፤ አስታወከም።

ራቢዓ ማንንም ሳትጠብቅ ከሠራተኞቹ ማብሰያ ምድጃ የሚነድ ጭድ አምጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ጣለች። ከአፉ ክንድ ያህል እንደ ወረደ ድርግም አለ። መሐንዲሱ ጭዱን አየ፤ ሞገስን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ለምን ደበቅሽ ብሎ በወልደማርያም በኩል ጠየቃት። ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ፣ ለሚቀጥለው አዝመራ የሚያደርሰኝ ይኼው ነው፣ ከቤት ባኖረው ነቀዝ ይበላዋል አለች። መሐንዲሱ ወደ አሊዪ ዞረና አንተ ታውቅ ነበር? አለው። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

«እሱ አያውቅም» አለች ቀድማ። «በባሌ ቤት የጉድጓድ ቦታ ለላጤ አይነገርም። ሲያገባ ልነግረው ነበር። እሱ ደግሞ አላገባ አለኝ፤ ይኼው ጦሱ ለኔ ተረፈ።»

ከሠራተኞቹ አንዳንዱ ሳቀ። አሊዪ አፉን ከፈተ። ራቢዓ አየችው፤ እንደዚያ ያየችው ሕፃን ሆኖ ወደ ወንዙ ሲሮጥ ብቻ ነበር። አፉን ዘጋ። ወልደማርያም ሁለቱንም ጥቂት ሲመለከት ቆየና ወደ መሐንዲሱ ዞሮ፣ እሷ ከተናገረችው ረዘም አድርጎ ተረጎመ። ምን እንደጨመረ አላወቀችም።

መሐንዲሱ ሌላ ጉድጓድ አለ ወይ ብሎ ልጇን ጠየቀው። አሊዪ ንድፉን መሬት ላይ ዘርግቶ በጣሊያንኛ በዝግታ ተናገረ። ምን እንዳለ ማታ ነገራት። በዚህ ሜዳ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲቆፍር የኖረ መሆኑን፣ ባለቤቱ የሞተበትና የተረሳ ባዶ ጉድጓድ የት የት እንዳለ ማንም እንደማያውቅ፣ የመንገድ መዳመጫ መኪናው በአንዱ ላይ ቢወጣ ሰምጦ እንደሚቀር ነበር የነገረው። አስካሪዎቹ በብረት ዘንግ መሬቱን ሲወጉ ዋሉና ሁለት ጉድጓድ አገኙ። ሁለቱም ሴቶቹ ያራገፏቸው ነበሩ። መሐንዲሱ ከዚያ በኋላ አላስወጋም። መኪናው ከኮረብታው ድንጋይ ቆረጣ ይበልጥ ውድ ነው አለና መስመሩን ወደ ኮረብታው ሥር እንዲያዞረው አሊዪን አዘዘው።

የራቢዓን ማሽላ በበቅሎ ጭነው ወሰዱት። እሷን እስከ አሱር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት ድረስ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው፣ ሁለተኛ ብትደብቂ ትታሰሪያለሽ ብለው ለቀቋት። ለሶላቱ ውሃ ያቀበላት ሞገስ ነበር። ያን ዕለት ግን የሚቀልደው አጣ።

ማታ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እራት አልተሠራም።

«ልናገር ነበር» አላት አሊዪ።

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ባትቀድሚኝ ኖሮ እናገር ነበር።»

«ለመናገር ባታስብ ነበር የሚከፋኝ» አለችው። «አሁን ተወው።»

ከዚያ አዲሱን ንድፍ ዛሬውኑ እንደጀመረው ነገራት። የተገኙትን ጉድጓዶች በትናንሽ ክብ እንዲያሳያቸው ታዟል፤ ከግራሩ ጉቶ አጠገብ ያለውንም አስፍሮታል። «ስሜን አይጽፉበትም። ያንቺ ጉድጓድ ግን አለበት» አለና ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም። ከዚያ፣ በቃኝ፣ ነገ አልሄድም፣ ያንቺን እህል የወሰዱ ሰዎች ዘንድ ተቀምጬ መስመር አላሰምርም አላት።

ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ማለዳ በር ላይ ቆማለች። አሁን ሲመጣ ዓይኗ ወደ ባዶው ወፍጮ ሄደ፤ አዝመራው ገና ሩቅ ነው። ተነሥታ ሊሬው ያለበትን ቅል ከምሰሶው አወረደችው።

በማግስቱ ገበያ ነበር። የወረቀቱን ሊሬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እህል ተራ ሄደች። አንዱ ነጋዴ ወረቀቱን አገላብጦ መለሰላት፤ ሌላው ግማሹን ዋጋ ብቻ አስቤ ልቀበልሽ አላት። የሼህ ሐሚድ ባለቤት ፋዲላ በሩቅ አይታት ጠራቻት። ቁናዋን ጢም አድርጋ ሰፈረችላትና ስትከፍላት እጇን መለሰችው። ማሽላው መልኩ ደብዘዝ ያለ ነበር፤ የጉድጓድ ሽታው አፍንጫ ላይ ይቀራል። ሁለቱ ሴቶች ስለ ሽታው አልተነጋገሩም። ራቢዓ አመሰገነቻት፤ ግን ፋዲላም ብትሆን ልጆች እንዳሏት፣ ይህ ቁና የሚደገመው አንዴ ወይም ሁለቴ እንደሆነ መንገዱን ሁሉ ስታሰላስል ሄደች። ከዚያ ወዲያ ያለው በሊሬ ነው። በግማሽ ዋጋም ቢሆን በሊሬ ነው።

አሊዪ ያን ዕለት ቤት ዋለ። አስካሪ ይመጣል ብላ ቀኑን ሙሉ በሩን ስትጠብቅ ነበር። ማንም አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን፣ ገና ሱብሒ ተሰግዶ እንዳበቃ፣ ኮምፓሱንና ብዕሮቹን በጨርቃቸው ጠቅልላ አጠገቡ አስቀመጠችና ትከሻውን ነካችው።

«ተነሥ» አለችው። «ሥራው እንዳይረፍድብህ።»

አሊዪ ተነሣ፤ ታጠበ፤ ግንባሯን ሳመ። ራቢዓ በር ላይ ቆመች። «ዛሬ እንኳ ቅር» አላለችውም። እስከ ኮረብታው ጥግ ድረስ፣ አዲሱ መስመር የሚዞርበት ቦታ ላይ እስኪሰወር፣ ጀርባውን አየችው። ከተሰወረ በኋላም፣ አርበኞቹ ዛሬ ይወርዱ እንደሆነ፣ መሐንዲሱ አስቦበት ሐሳቡን ይለውጥ እንደሆነ፣ ወባም ገና እንደሚመጣ እያሰበች ቆየች። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ገብታ የፋዲላን ማሽላ ወፍጮው ላይ አፈሰሰችው።